በአመድ የታሸች ጥርስ

የሰው ጥርስ ለሰው አይሆንም ይባላል። ሐሰት ነው። የእኔ ጥርስ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ቢያንስ ዘጠኝ ዓመት ሥጋ ቦጭቃለች፣ የበቆሎ እሸት ግጣለች፣ ከሁሉም በላይ ጡሩንባ አስነፍታለች። እኔ ከጻፍኳቸው ጽሑፎች መካከል ይህን ያህል ዘመን ሰው ያገለገለ አንድም አላውቅም።

አይሆንም የሚሉኝ ደግሞ ያልተማሩት አይደሉም። ያልተማረ ሰው "እስኪ እንየው" ይላል፤ በሩን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋው የተማረው ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተጋድሜ ይህንኑ ታሪክ ልነግረው ስጀምር፣ "ጋሼ፣ ሰውነት ባዕድ ነገር አይቀበልም። የሰው ጥርስ ቢተከልበት ሥሩን በልቶ ይጥለዋል" አለና መስተዋቱንና መቆርቆሪያውን አፌ ውስጥ ከተተ። ሁለት እጁን አፍህ ውስጥ ከከተተ ሰው ጋር ክርክር አይገጠምም። ላለማማት ግን፣ ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። እኔ የማውቀው ሌላውን ግማሽ ነው።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ ተነሥተን አሶሳ ስንሰፍር ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከቤታችን የተረፍነው እናቴና እኔ ነን። የሰፈርንበት መንደር ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ስም ለማውጣት ጊዜ ያጣው መንግሥት ትራክተር አምጥቶልናል፤ ቤቱን ግን ራሳችን ነበርን የምንሠራው። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አልጋው፣ አጥሩ ሁሉ ሽመል ነው። ሽመል እዚያ ቆላ የሚበቅለው፣ ውስጡ ድፍን የሆነው የቀርከሃ ዓይነት ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ስትቆርጠው ይታዘዝሃል። የቆላው የራሱ ፈቃድ አለው።

የሽመሉን ጫካ አሳምረው የሚያውቁት ባለአገሮቹ በርታዎች ናቸው። እኛ ያረፍንበት መሬት እርሻቸውና ማደኛቸው ነበር። ይህን ለእኛ የነገረን የለም፤ እነሱንም የጠየቃቸው የለም። ስለዚህ አንድ በርታ መጥረቢያ ይዤ ስደናበር አይቶ፣ ሳልጠራው መጥቶ አቆራረጥ ሊያሳየኝ አጠገቤ ሲቆም፣ ዛሬ ሳስበው ከሚገባኝ በላይ ነው ያደረገልኝ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ በሁለቱም ጉንጮቹ ላይ ሦስት ሦስት የቆየ የምላጭ መስመር ያለው ሰው ነበር። አማርኛው ወንድና ሴቱን ይቀላቅላል። የእኔ በርታኛ ደግሞ ከሰላምታ ስለማያልፍ በማንም አማርኛ ልስቅ የምችልበት አፍ አልነበረኝም።

"ዝቅ አድርጋ ቁረጥ" አለኝ። "ይቺ የታጠፈውን አትንካ። ይቺ ተናዷል።"

የደጋ ሰው ዛፍ ሲቆርጥ የሚያስበው ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ ነው። ሽመል አይወድቅም። ሌላው ሽመል ላይ ተጋድሞ፣ እንደ ቀስት ተወጥሮ፣ የሚነካውን ሞኝ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ምክር ሲሰጠኝ መጀመሪያ ተቃራኒውን የመሞከር አመል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አለብኝ። የተናደደውን መታሁት። ከሥሩ ሲላቀቅ ተስፈንጥሮ የሰውየውን አፍ መታው።

ቀና ሲል አፉን በመዳፉ ይዟል፤ በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ ተፋ። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ አንዷ ከድዱ ላይ ተቆርጣ ደረቁ የሽመል ቅጠል ላይ ወደቀች።

"ወንድሜ! ወንድሜ፣ ገደልኩህ!"

አንሥቶ አያት፣ አገላበጣት፣ ጣላት። "ጥርስ ሄደች" አለ። "ኻላስ።"

ኻላስ በዐረብኛ "አለቀ፣ በቃ" ማለት ነው። በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ጋር የሚነግዱት በርታዎች ብዙ ነገር በዚህች ቃል ይዘጋሉ። ካሳ አልጠየቀኝም፤ ሽማግሌ አልላከብኝም። ቢልክብኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲያውም የቀረውን ሽመል ቆርጦልኝ ሄደ።

ያጠፋሁት ጥርስ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ቤቱ ስሄድ ነው። ግድግዳው ላይ ከቅል የተሠራ፣ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የረዘመ ትልቅ ጡሩንባ ተሰቅሏል። በርታዎች ማሽላው ሲሰበሰብ አሥር አሥራ ሁለት ሆነው እንዲህ ያለ ጡሩንባ ይዘው ይወጣሉ። ጉዳዩ እንዲህ ነው፤ አንዱ ጡሩንባ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዘፈኑ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ የራሱን አንድ ድምፅ ሲጥል ነው። አንድ ሰው ከቀረ ዘፈኑ ራሱ ወላቃ ይሆናል።

የጡሩንባዎቹ አለቃ የሰውየው አጎት ነበር፤ ባምባሲ ድረስ የነገደ፣ አማርኛ የሚያቀላጥፍ ሽማግሌ። እኔ ስደርስ ጡሩንባውን አውርደው እያስሞከሩት ነው። ሰውየው ከንፈሩን ገጥሞ ነፋ። አየሩ በጎደለችው ጥርስ በኩል ሾልኮ ወጣ።

"ሰማህ?" አሉኝ አጎቱ። "ይህ ምን ይባላል በእናንተ አገር?"



"አህያ ፈስ" አለ ራሱ ሰውየው፤ ባበጠ ከንፈሩ እየሳቀ።

አጎቱ አልሳቁም። "ጡሩንባው የአባቱ ነበር፤ ከዚያ በፊትም የአያቱ። ማሽላው ሳይሰበሰብ ድምፁ ካልተመለሰ ለሌላ ቤት እሰጠዋለሁ። ወድጄ አይደለም። አህያ ፈስ ይዤ ሰው ፊት አልወጣም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ ልጅ፣ የሚያስቆርጡህ ሽመል ብቻ ስለሆነ አላህ ይመስገን" አሉ።

ማሽላው ገና ጉልበት ድረስ ነበር። ወራት አሉን ማለት ነው። ሰውየውን ይዤ ወደ መንደራችን ክሊኒክ ሄድኩ።

ክሊኒኩን የያዘው የጤና ረዳት ነበር። ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን፤ እሱ በጠራነው ቁጥር "የጤና ረዳት ነኝ" ይላል፤ ማንም አይሰማውም። ወደዚህ ከመመደቡ በፊት በአንድ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ከጥርስ ሐኪም ጎን ብዙ ዓመት ሠርቷል። የሰውየውን አፍ ከፍቶ አየ። ጥርሷ ብትሰበርም ሥሯ ውስጥ ቀርቷል። ቅርንፉድ የነካ መድኃኒት ሞላበትና፣ "ሥሩን አሁን አልነቅለውም። ቦታ ይጠብቅልን" አለ።

"ለምን?" አልኩት።

አፌን ትክ ብሎ አየው። "አንተ፣ እስኪ ክፈት።"

ከፈትኩ። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ጀርባ አንዲት ትርፍ ጥርስ አለችኝ፤ ነበረችኝ። ቀጭን፣ ጫፏ ሾል ያለ፣ ማንም ያልጋበዛት። አገር ቤት ሳለሁ እኩዮቼ በእሷ ያላወጡልኝ ስም የለም።

"ይቺ ምን ትሠራለች?"

"ምላሴን ትበላለች።"

"እንግዲያስ ሥራ እንስጣት" አለ።

ወዲያው ግን ያሰበውን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን። ሆስፒታል ሳለ አለቃው ከአንድ ሰው ጥርስ ነቅሎ በትኩሱ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሲተክል አይቷል። የራስህ ጥርስ ወልቃ በትኩሱ ብትመለስ ትይዛለች፤ ሥሯ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ሕይወት አለውና ከአጥንቱ ጋር መልሶ ይገናኛል። ሐኪሙ ለሰው ጥርስም ደንቡ ያው መስሎት ነበር። ጥርሷ ጥቂት ሳምንት ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ድዱ አበጠ፤ ከዚያ ትነቃነቅ ጀመር። ስትወጣ ሥሯ ነቀዝ እንደበላው እህል ሆናለች።

"ማን በላት?" አለ ሰውየው።

"ራሱ ሰውነቱ። ሰውነት ዘበኛ አለው። ባዳ ሲገባ ያውቃል።"

"ወንድም አለኝ።"

ወንድሙ በማግስቱ መጣ፤ አፉን እንደ በር በርግዶ፣ "የትኛው ይሻላል?" አለ። የጤና ረዳቱ ሁሉንም በጥንቃቄ አየና መለሰው። "የወንድም ከባዳ ይሻላል፤ ዘበኛው ዘመዱን ቶሎ አይቆጣም። መንታ ብትሆኑ ደግሞ ጭራሽ አይለያችሁም ነበር። ግን አንተ ጋ ሥራ የፈታ ጥርስ የለም። አንዱን አፍ ለመሙላት ሌላውን አላጎድልም።"

ከዓመታት በኋላ በአንድ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሀብታሞች ድሆችን ደጅ አሰልፈው፣ ጥርሳቸውን አስነቅለው፣ ትኩስ ትኩሱን በራሳቸው አፍ ያስተክሉ እንደነበር ሳነብ ያ የጤና ረዳት ትዝ አለኝ። የሀብታሞቹ ጥርስ ብዙም ሳይቆይ ይረግፍ ነበር፤ አንዳንዶቹም ከጥርሱ ጋር የድሃው በሽታ ተመርቆላቸዋል። እሱ ይህን ታሪክ ማንበቡን እንጃ። የእኔን ጥርስ ለመውሰድ ከመስማማቱ በፊት ግን ስለ ሳንባዬ፣ ስለ ጉበቴ፣ ስለ ቂጥኝ ጠይቆ ጠይቆ አሰለቸኝ። "ጥርስ ብቻዋን አትሄድም" ይል ነበር። ዛሬ ያለ ደም ምርመራ ይህን የሚያደርግ ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እከሰዋለሁ። ያኔ የነበረን ምርመራ ጥያቄ ብቻ ነው።

ቀን ተቆረጠ። ጠዋት የእኔን ይነቅላል፤ ወዲያው የሰውየውን ሥር አውጥቶ በትኩሱ ይተክላል። ካሁን በፊት ያልያዘውን መንገድ እንደገና ሊሞክር ነው፤ ሌላ መንገድ አያውቅማ። ሰውየው እስኪደርስ ብሎ ጥርሴን ቀድሞ ነቀለ። ትርፍ ናት ብዬ የሄድኩት ሰውዬ አገር እስኪሰማ ጮህኩ። ሰውየው ግን በቀጠሮው አልመጣም። ሌሊቱን ዘንቦ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ወንዝ ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ላንድሮቨር መጥቶ የጤና ረዳቱን ለክትባት ወደ ሌሎች መንደሮች ይዞት ሄደ። ከመሄዱ በፊት ጥርሷን ጨው በነካው የፈላ ውሃ፣ የመርፌ መድኃኒት በነበረበት ጠርሙስ ከትቶ ለእናቴ ሰጣት።

"እማማ፣ እኔ እስክመለስ ከዚህ ውሃ እንዳትወጣ። ማንም እንዳይነካት።"

"ኧረ ማን ሊነካት፣ ዶክተሬ!"

"የጤና ረዳት ነኝ፣ እማማ።"

ሁለት ቀን ጉንጬ አብጦ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ስወጣ ጠርሙሱ ባዶውን ተደፍቷል። ጥርሴ ሰፌድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥታለች፤ እንደ አሞሌ ጨው ነጥታ።

"እማዬ! ምን አደረግሽ?"

"አጠብኋት።"

"በምን?"

"በአመድ አሸኋት። ኸዚያ ቀቀልኋት። ኸዚያ ፀሐይ ላይ አዋልኋት። ሦስት ጊዜ።"

"አትነካ ተብሎ!"

"እሱ ምኑን ያውቃል? ያቺ ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ የኛን ሥጋ ስታኝክ የኖረች ናት። ሰውየው እስላም ነው። እንዲያው ኸነጉድፏ አፉ ውስጥ ልክተትበት? አፉን የሰበርህበት አንሶ!"

ይህን ለመረዳት ወሎን ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ አገር እስላምና ክርስቲያን አጥር ይጋራል፤ ሠርግ ይጋራል፤ ለቅሶ ይጋራል፤ አንዳንድ ቤት አባትና እናትም ይጋራል። የማይጋራው ሥጋ ነው። ስለዚህ ለድግስ የተዋስነውን የጎረቤት ድስት ስንመልስ በአመድ እናሻለን፣ እንቀቅላለን፣ ፀሐይ ላይ እናውላለን፤ ባለቤቱ ሳይጠራጠር እንዲያበስልበት። ይህ መጸየፍ አይደለም። ሌላው ሰው የሚያከብረውን ሳትጠየቅ ማክበር ነው። እናቴ ጥርሴን በድስት ደንብ አስተናገደቻት። አስቀድማ ማንንም አላማከረችም፤ ጨዋነት ምክር አይጠየቅበትም።

የጤና ረዳቱ የተመለሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። ሰውየውም ወንዙ ጎድሎለት ከአጎቱ ጋር መጥቷል። የጤና ረዳቱ ጥርሷን በመዳፉ ሲቀበል ፊቱ ተለዋወጠ።

"ገደሏት እኮ፣ እማማ!"

"ጥርስ ደሞ ይሞታል?"

"ሥሯ ላይ ስስ ሽፋን ነበር። እሱ ሕያው ነው። አጥንቱን የሚይዘው እሱ ነው።"

"ያ ሽፋን የማን ነው? የልጄ ሥጋ አይደል?"

"አዎ፣ የልጅዎ ሥጋ ነው።"

"እሱን ነው ያጠብሁት!"

የጤና ረዳቱ ክሊኒኩ ደጅ ባለው የሽመል አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጥርሷን ወደ ብርሃን አነሣት፤ በጥፍሩ ሥሯን ፋቅ አደረጋት፤ ምንም የሚላጥ የለም። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ ቀስ ብሎ፣ "የሚያስቆጣውም እኮ እሱ ነው" አለ።

"ምን ትላለህ?" አሉ አጎቱ።

"ዘበኛው የሚያውቀው ሕያውን ነው። ሐኪሙ የተከላት ጥርስ ትኩስ ነበረች፤ ሥጋ ነበራት፤ ውስጧ ደም ነበር። የሚጣላው አገኘ። ይቺ…" ጥርሷን ወረወር አድርጎ ቀለባት። "ይቺ ድንጋይ ናት። ማንነቷን የሚናገር ምንም አልቀረባትም።"

"እንግዲያ ትሆናለች" አለች እናቴ።

"አላውቅም፣ እማማ። የሚይዛትንም አጥበውታል፤ የሚያጣላትንም አጥበውታል። አንዱ ካንዱ ይመዝን እንደሆነ ሳንሞክር አናውቅም።"

ይህን ሰው የምወደው በዚህ ነው። በሕይወቴ ብዙ ሊቅ አጋጥሞኛል፤ "አላውቅም" ካለ በኋላ ሥራውን የሚቀጥል ግን ጥቂት ነው። ለሰውየው ምንም አልደበቀውም። ጥርሷ ብትይዝ እንኳ እንደ ራሱ ጥርስ እንደማትሆን፣ አጥንቱ በቀጥታ ቆልፎ እንደሚይዛት፣ ቀስ በቀስም ሥሯን እየፈጨ እንደሚተካት ነገረው።

"ትወድቃለች?" አለ ሰውየው።

"አንድ ቀን።"

"ከማሽላ በፊት?"

"አይመስለኝም።"

"ሁሉም ይወድቃል። አባቴም ወደቀች" አለ። "ተማም፣ ጥሩ። አድርግ።"

እናቴ ይሄኔ ጠጋ አለች። "ልጄ፣ ኸሥጋ ነጽታለች። ሦስት ጊዜ አጥቤያታለሁ። አትጠራጠር።"

ሰውየው አያት፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ኡሚ፣ እኔ ጥርስ አልበላም። ጥርስ ነው የሚበላ።"

አጎቱ ግን አልሳቁም፤ ተነሥተው እናቴን በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

የጤና ረዳቱ የጥርሷን ውስጥ በቀጭን ሽቦ አጽድቶ ደፈነው፤ እናቴ በአመድ ያልደረሰችበት እሱ ብቻ ነበር። እንደገና ቀቀላት። ድዱን አደንዝዞ ቦታ ሲጠብቅ የቆየውን ሥር አወጣ፤ የእኔን አስገባ፤ ረዘም ስትል ጫፏን ሞረዳት። ግራና ቀኝ ካሉት ጥርሶች ጋር በስፌት ክር አሰራት። ስድስት ሳምንት ጡሩንባ መንፋት፣ አገዳ መምጠጥ፣ ሽመል ቆራጭ አጠገብ መቆም ክልክል ነው አለ። የመጨረሻው ለእኔ ነበር።

እነዚያን ሳምንታት መቁጠር ልማዴ ሆነ። የእኔ አፍ ድኗል፤ ልቤ ግን ወንዙ ማዶ ነው። በየሳምንቱ ሄጄ፣ "እስኪ ክፈት" እላለሁ፤ ይከፍታል። የምፈራው የድዱን ማበጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀላ። በምላሱ ይገፋት እንደሁ ስጠይቀው፣ "ምላስ ፈራች" አለኝ። ማሽላው ከወገብ አለፈ። አጎቱ አንድ ቀን ጡሩንባውን ከግድግዳው አውርደው ወሰዱት፤ ቅሉ እንዳይሰነጠቅ በቆዳ ላስጠፍረው ነው አሉ። ሰውየው ባዶውን ችንካር ደጋግሞ ሲያይ አየሁት። ቀዩ ድድ በአራተኛው ሳምንት ከጎረቤቱ ጋር አንድ ዓይነት መልክ ያዘ።

በስድስተኛው ክሩ ተፈታ። የጤና ረዳቱ ጥርሷን በሁለት ጣቱ ይዞ ነቀነቃት። ከጥርሷ ይልቅ የሰውየው ራስ ነው የተነቃነቀው። ከዚያ የማንኪያ እጀታ አንሥቶ ጥርሶቹን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገ። የሰውየው ጥርሶች ደብዛዛ ድምፅ ሰጡ። የእኔ ስትመታ ቅጭል አለች፤ ከፍ ያለች፣ የብረት ድምፅ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ ደንግጬ።

"አጥንቱ ጨብጧታል" አለ። "አልጣላትም። የራሴ ናትም አላለም። ቀስ እያለ ወደ ራሱ አጥንት እየለወጣት ነው። ይህ ሲሆን ዓመታት ይፈጃል።"

አንድ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ወዳጄ ይህን ታሪክ ስነግረው ዓይኑ አበራ። "ምን ዓይነት ምሳሌ ነው! ሰፋሪው ጥርስ፣ አገሬው አፍ!" አለኝ። ተወው አልኩት። ጥርሷን ማንም በጭነት መኪና አላመጣትም። ከሁሉም በላይ፣ የአፉ ባለቤት "ትወድቃለች?" ብሎ ጠይቆ፣ መልስ አግኝቶ፣ "አድርግ" ብሏል። ምድሩን ማንም አልጠየቀም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ወዳጄ ምሳሌውን ሳይጽፈው ቀረ፤ አኩርፎኛል።

ማሽላው ተቆረጠ። ጡሩንባዎቹ በወጡበት ጠዋት እናቴም መጣች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለፈተና እንደቀረበች ሴት ከንፈሯን ነክሳ። አጎቱ ያን ረጅም ጡሩንባ ለሰውየው ሰጡት። ሌሎቹ ከበቡት።

"የሀበሻ ጥርስ የሀበሻ ዘፈን እንዳያመጣብን!" አለ አንዱ።

"ጥርሱ ቢጾምስ? ረቡዕና ዓርብ አልነፋም ቢልስ?" አለ ሌላው፤ በአማርኛ፣ እኛ እንድንሰማ።

ሰውየው ከንፈሩን ገጠመ። የመጀመሪያው ነፋስ ብቻ ነበር። የአህያውን ነገር ያስታወሱ ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። አጎቱ አልሳቁም። እሳቸው በሚሳቅበት ቦታ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሁለተኛው ቀጠነ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ተሰበረ። ሰውየው ጡሩንባውን ዝቅ አድርጎ ምላሱን በጥርሷ ላይ አሳለፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካት ያየሁት ያኔ ነው። ሦስተኛው መጣ፤ ወፍራም፣ ክብ፣ እግር ሥር የሚሰማ አንድ ድምፅ። አጎቱ እጃቸውን አነሡ፤ ሌሎቹ ገቡ፤ እሱም ተራው በደረሰ ቁጥር ያንኑ አንድ ድምፅ ጣለ፤ እየጣለ ሄደ። ዘፈኑ አልተበሳም።

እናቴ ክንዴን ጨብጣ፣ "አመድ እኮ ጥሩ ነገር ነው" አለችኝ።

መንግሥቱ ሲለወጥ ብዙው ሰፋሪ ወደየአገሩ ተመለሰ። እኔ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ማንበብና መከራከር ሥራዬ ሆነ። እናቴ እምቢ አለች፤ እዚያው ቀረች፤ እዚያው ተቀበረች። ለአርባዋ ስሄድ ጥርሴ ሰውየው አፍ ውስጥ ከተተከለች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ሰውየው ከወንዝ ማዶ ከነቤተሰቡ መጣ። በእናቴ ደንብ መሠረት ሁለት ቦታ ታርዷል፤ ሁለት ድስት ተጥዷል። ከለቅሶው በኋላ አጠገቤ ተቀምጦ ከንፈሩን ገለጠልኝ። ከጎረቤቶቿ ትንሽ አጥራለች፤ ትንሽ ነጥታለች። በጥፍሩ መታት። ቅጭል አለች።

"እናትህ ጥሩ አጠበ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ ግን ባገኘሁት ሁሉ ስለዚህ ነገር ሳነብ ኖሬያለሁ። ዛሬ በሌላ ዓለም ያሉ ቤተ ሙከራዎች ከሰው ወይም ከእንስሳ የተወሰደ አካል ላይ ሕዋሱን በመድኃኒት አጥበው ያወጡና ባዶ ቅርጹን ለሌላ ሰው ለመስጠት ይሞክራሉ፤ ዘበኛው የሚያስቆጣው እንዳያገኝ። አመዱን በኬሚካል ለወጡት እንጂ ሐሳቡ የእናቴ ድስት ነው። በሙሉ ልብና ኩላሊት ገና አልደረሱበትም፤ ይደርሱበታል ብዬ አምናለሁ፤ ማመን ደግሞ አመሌ አይደለም። የራስህ ጥርስ ከወለቀች ግን ይህን ጽሑፍ እርሳው፤ አትሻት፣ አትቀቅላት፤ ወተት ውስጥ ጨምረህ ወደ ሐኪም ሩጥ። የራስህ ሥጋ ከራስህ አይጣላም።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ወጣት ሐኪም ግማሽ እውነት ይዞ እንዲኖር አልፈልግም፤ እኔም ዘጠኝ ዓመት ብቻ ይዤ መሞት አልፈልግም። ስለዚህ አንተ አንባቢ፣ ማሽላ በሚሰበሰብበት ወር ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የምትሄድ ከሆነ፣ የቅል ጡሩንባ ስትሰማ ከመኪናህ ውረድ። በጉንጩ ላይ ሦስት ሦስት መስመር ያለው፣ ከፊት ጥርሶቹ አንዷ ያጠረች ሽማግሌ ፈልግ። ሰላም በለውና አፉን እንዲከፍት ለምነው። ጥርሷ ካለች በጥፍርህ ምታት፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሰጠች ጻፍልኝ።